ጃንጂራ፦ «ቅኝ ያልተገዛው የሐበሻ መንግሥት» በእንግሊዝ ዘመን ሥልጣኑ እስከ የት ነበር?

መዝገብ_አገላባጭ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ስለ ጃንጂራ የሚዞር ጽሑፍ አለ። ከቦምቤይ በስተደቡብ በባሕር መሐል ያለች ምሽግ ናት፤ ገዢዎቿ ሐበሾች ነበሩ፤ ማራታም (የምዕራብ ሕንድ የሂንዱ መንግሥት) ሞጉልም (የሰሜን ሕንድ የሙስሊም ንጉሠ ነገሥት መንግሥት) እንግሊዝም አልደፈሯትም፤ እስከ ሕንድ ነፃነት ድረስ «ሉዓላዊ የኢትዮጵያ ግዛት» ሆና ኖረች ይላል። ሥሩ ላይ የተሰበሰበው አስተያየት ሁሉ «ታሪካችን ተደብቆብን» ነው።

ምሽጉ እንዳለ፣ ገዢዎቹም ሲዲ ወይም ሐብሺ ተብለው እንደሚጠሩ የማይታወቅ ነገር አይደለም። ጥያቄዬ በእንግሊዝ ዘመን ስለነበረው ነገር ነው።

ለእንግሊዝ ግብር ይከፍል ነበር? ወንጀለኛ ሲያዝ የሚፈርደው ማን ነበር? ናዋቡ (ገዢው መስፍን) ሲሞት ተተኪውን ማን ያጸድቃል? ሱራት አጠገብ ያለው «ሳቺን» የሚባለው ሌላ የሲዲ ግዛትስ ከየት መጣ? አንዳንዱ ሁለቱን አንድ አድርጎ ይጽፋል። ምሽጉን የሠራው ማሊክ አምባር ነው የሚለውስ ልክ ነው? የሚያውቅ ሰው በቁጥርና በዓመት ቢያስረዳ ደስ ይለኛል። ዓመት ስትጠቅሱ ሁላችንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንሁን፤ አለበለዚያ የሰባትና የስምንት ዓመቱ ልዩነት ያምታታናል።

---

ኮንካን_ዳርቻ

ከማሊክ አምባር ልጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። ማሊክ አምባር የተወለደው 1548 አካባቢ ነው፤ የሞተው 1626። ምሽጉን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሠራው የሚለው ጽሑፍ ሰውየው ሳይወለድ ግንበኛ ያደርገዋል። በ1567 ሠራው የሚለውም አለ፤ ያኔ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ባሪያ ነበር። የስህተቱ ምንጭ የስም መመሳሰል ይመስለኛል፤ በ1620ዎቹ ገደማ ጃንጂራን የያዘ ሲዲ አምባር የሚባል ሌላ ሰው አለ። ሁለቱም ሐብሺ፣ ሁለቱም በደካን (በደቡብ ሕንድ ደጋ) የነበረውን የአሕመድናጋርን ሱልጣንነት ያገለገሉ፣ ሁለቱም አምባር። ይሁን እንጂ ማሊክ አምባር የደካኑ ጦር መሪና የመንግሥቱ እንደራሴ ነው፤ ሲዲ አምባር የባሕሩ ሰው ነው።

ምሽጉ እንዴት በሐብሾች እጅ እንደገባ የሚነገረው ታሪክ ደግሞ አፈ ታሪክ ብለን ብናልፈው ይሻላል። ነጋዴ መስሎ የመጣ አንድ ሐብሺ ሣጥኖቹን ደሴቷ ላይ ለማሳደር ራም ፓቲል የተባለውን አለቃ አስፈቅዶ፣ በየሣጥኑ ወታደር ደብቆ አስገባ ይባላል። አንዱ 300 ሣጥን ይላል፤ ሌላው ቁጥሩን አሳንሶ ሌላ ስም ይጨምርበታል። ታሪኩ ያምራል፤ ግን ሰነድ አይደለም።

ለምን አልተያዘም ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቦታው ላይ ነው። ምሽጉ የቆመው በራጃፑሪ የባሕር ሰርጥ አፍ፣ ከባሕር በወጣ ሞላላ አለት ላይ ነው። ግንቡ ከውሃው ጠርዝ ቀጥ ብሎ ይነሣል፤ ጠላት ከጀልባ ወርዶ የሚሰለፍበት፣ መሰላል የሚያቆምበት መሬት የለም። ክብ ክብ የሆኑ 19 የመድፍ ማማዎች አሉት። ዋናው በር ወደ ራጃፑሪ መንደር ይዞራል፤ ከሩቅ ለሚመጣ ጀልባ በሁለት ማማዎች መካከል ስለተሸጎጠ እስኪቀርቡት ድረስ አይለይም። በሩ አጠገብ አንድ አውሬ በየጥፍሩ ዝሆን ጨብጦ፣ ሌሎችን ረግጦ የሚታይበት ቅርጽ ድንጋይ ላይ ተፈልፍሏል። በስተባሕር ደግሞ ለማምለጫና ለስንቅ ማስገቢያ የሚሆን ትንሽ በር አለ። ከሁሉ በላይ ግን ያዳነው ውሃ ነው፤ ጨው ባሕር መሐል ሆኖ ግቢው ውስጥ ሁለት የጣፋጭ ውሃ ኩሬዎች አሉት። የተከበበ ምሽግ ብዙውን ጊዜ እጁን የሚሰጠው በጥይት ሳይሆን በውሃ ጥም ነው፤ እዚህ ያ አልሠራም።

የማራታው ንጉሥ ሺቫጂ ደጋግሞ ሞከረና አልቻለም። መጨረሻ ላይ አጠገቡ ባለች ሌላ ደሴት ላይ ፓድማዱርግ የሚባል የራሱን ምሽግ ሠራ። ልጁ ሳምባጂ በ1682 ከየብሱ እስከ ምሽጉ ባሕሩን በድንጋይና በእንጨት ሞልቶ መንገድ ለማውጣት ተነሣ። የባሕሩ ሞገድና ጥልቀት ሥራውን አከበደው፤ ይብስ ብሎ የሞጉል ጦር በየብስ ሲመጣበት ሠራዊቱን ይዞ ወደዚያ መሄድ ግድ ሆነበት። «በምሽጉ ጥንካሬ ብቻ ተረፈ» የሚለው ስለዚህ ግማሽ እውነት ነው። ሲዲዎቹ የሞጉል የባሕር ኃይል ሆነው ያገለግሉ ነበር፤ ከሱራት ገቢ ዓመታዊ ገንዘብ ይቆረጥላቸዋል፤ በለውጡ የንግድ መርከቦችንና ወደ መካ የሚጓዙ ሐጃጆችን ይጠብቃሉ። ያቁት ኻን የሚለው የአለቃቸው ስምም በሞጉሉ ንጉሠ ነገሥት በኦራንግዜብ የተሰጠ ማዕረግ ነው።

እንግሊዞችን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ መጀመሪያ የተሸነፉት እነሱ ናቸው። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ከኦራንግዜብ ጋር ጦርነት በገጠመ ጊዜ ሲዲ ያቁት ኻን በ1689 ሴውሪ ላይ ወርዶ ማዛጋዎንንና ማሂምን ያዘ፤ እንግሊዞቹ የቦምቤይ ግንብ ውስጥ ተከተው ቀሩ። የወጣው በሰኔ 1690 ነው፤ ያውም ኩባንያው ኦራንግዜብን ይቅርታ ለምኖ 150,000 ሩፒ ካሳ ለመክፈል ከተስማማ በኋላ። አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1733፣ ሲዲዎቹና ኩባንያው በማራታው የባሕር ኃይል በአንግሬዎች ላይ የመከላከያ ውል ተፈራረሙ። ያኔ ሁለቱ እኩል ለእኩል ነበሩ ማለት ይቻላል። ነገሩ የተለወጠው በ1818 ፔሽዋው (የማራታው መንግሥት ዋና ሚኒስትርና እውነተኛ ገዢ) ወድቆ እንግሊዝ የምዕራብ ሕንድ ብቸኛ ኃይል ሲሆን ነው።

---

ሕግና_ወግ

ኮንካን የተወበትን ልቀጥል።

«ሉዓላዊ» የሚለው ቃል በሕንድ የመሳፍንት ግዛቶች ላይ አይሠራም፤ በሃይደራባድም በጃንጂራም። ሥርዓቱ እንዲህ ነው። መስፍኑ በአገሩ ውስጥ ግብር ይሰበስባል፣ ሹም ይሾማል፣ ይፈርዳል። የውጭ ግንኙነት ግን ጨርሶ የለውም፤ ለጎረቤቱ መስፍን የፖለቲካ ደብዳቤ ሲጽፍ እንኳ በእንግሊዙ የፖለቲካ ወኪል በኩል ነው። ጦሩ በፈቃድ የተወሰነ ነው። የውስጡም ቢሆን እስካላማረሩ ድረስ ነው፤ እንግሊዞቹ «የአስተዳደር ብልሹነት» ካሉ ጣልቃ የሚገቡበት ወሰን የትም አልተጻፈም። ጉልበቱ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። የበላይነቱ በአንቀጽ ቢዘረዘር ኖሮ መስፍኑ ሊከራከርበት ይችል ነበር፤ ስላልተዘረዘረ አልቻለም።

አሁን ወደ ጃንጂራ።

ግብር፦ አይከፍልም ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ጃንጂራ ከብዙ ግዛቶች የምትለይበትም ነው። ማይሶር በየዓመቱ ከባድ ገንዘብ ትከፍል ነበር፤ በጉጃራት ያለው የካቲያዋር ትንንሽ አለቆች ለእንግሊዝም ለባሮዳም ይከፍሉ ነበር። ጃንጂራ ምንም። ማራታዎች መሬቷን ቢቆርሱም ምሽጉን ስላልያዙና መደበኛ ግብር ስላልጣሉባት እንግሊዝ ከፔሽዋው የሚወርሰው ግብር አልነበረም። ግን «ግብር አለመክፈል» ማለት «ነፃ መሆን» አይደለም፤ የሚዞረው ጽሑፍ የሳተው እዚህ ላይ ነው።

ፍርድ፦ እስከ 1868 አካባቢ ድረስ ጃንጂራ የተለየ ነፃነት ነበራት። ተቀማጭ የፖለቲካ ወኪል አልነበረባትም፤ በውስጥ ጉዳይዋም ማንም አይገባም። በዚያን ጊዜ ናዋቡ ሲዲ ኢብራሂም ኻን ነበር፤ ከ1848 እስከ 1879 የገዛው። በተለይ በወንጀል ፍርድ ላይ አስተዳደሩ ተበላሸ ተባለና የወንጀል ዳኝነቱ ከእጁ ወጥቶ ለፖለቲካ ወኪሉ ተሰጠ። ዋናው ወኪል የጎረቤቱ የእንግሊዝ አውራጃ የኮላባ አስተዳዳሪ ነው፤ ያንን ሥራ ደርቦ ይሠራዋል። የጃንጂራ ዋና ከተማ በሆነችው ሙሩድ ላይ ደግሞ ረዳቱ ተቀመጠ። ልብ በሉ፤ ናዋቡ ከዙፋኑ አልወረደም፣ ባንዲራው አልተነሣም፣ የመሬት ግብሩንም እየሰበሰበ ነው። ነፍስ የገደለን ሰው በገዛ አገሩ የሚፈርድበት ግን ሌላ ሆነ። ከመስፍን እጅ የሚወሰደው የመጀመሪያው ነገር ብዙውን ጊዜ ይሄው ነው። የግብር ገቢውን መውሰድ ወጪና ሠራተኛ ይጠይቃል፤ የወንጀል ዳኝነትን መውሰድ አንድ ሹምና አንድ እስር ቤት ይበቃዋል፤ ሕዝቡ ግን ጌታው ማን እንደሆነ ወዲያው ያያል።

ውርስ፦ በጥንቱ የሲዲ ወግ አለቃው ሲሞት የሚተካው ልጁ አልነበረም፤ ከመርከቡ ጦር አንደኛው ሹም ነው። ምሽግና መርከብ ለሚያስተዳድር ኃይል ይህ ጥሩ ሥርዓት ነው፤ ሕፃን ልጅ መርከብ አይመራም። እየቆየ ግን በዘር ወደሚወረስ ዙፋን ተለወጠ። የእንግሊዙ ሳናድ (የመብት ማረጋገጫ ደብዳቤ) ይህንኑ አጸናው፤ ናዋቡ የያዘው ሳናድ ውርሱ በእስልምና ሕግ መሠረት እንደሚጸድቅ ዋስትና ይሰጣል። ለሂንዱ መሳፍንት ልጅ በጉዲፈቻ የመውረስ መብት ነበር የሚሰጠው፤ ለሙስሊሞቹ ይኼኛው። ላይ ላዩን ሲታይ ዋስትናው ለመስፍኑ ነው። ነገር ግን «እናጸድቃለን» የሚለው ወገን «አናጸድቅም» የማለት መብትም አብሮ ይይዛል። ከድሮዎቹ ሰርዳሮች (የጦር አለቆች) ምርጫ የቀረውንም ያጠፋው ይኸው ወረቀት ነው።

በ1879 ኢብራሂም ኻን ሲሞት ልጁ ሲዲ አሕመድ ኻን ገና ወጣት ስለነበር አስተዳደሩ ለጥቂት ዓመታት ከእንግሊዝ ሹም ጋር በጋራ ተያዘ። ይህም የተለመደ ዘዴ ነው። ወራሹ ሕፃን ወይም ወጣት ሲሆን እንግሊዞቹ ገብተው መሬቱን ያስለካሉ፣ መዝገቡን ያስተካክላሉ፣ ልጁን የመሳፍንት ልጆች ትምህርት ቤት ይልኩታል፤ ሥልጣኑን ሲረከብ ሥርዓቱ ሁሉ ተለውጦ ይጠብቀዋል። በ1922 አሕመድ ኻን ሲሞት እንደገና ወራሹ ልጅ ነበርና እናቱ ኩልሱም ቤጉም እስከ 1933 ሞግዚት ሆና አስተዳደረች።

የመድፍ ሰላምታ፦ ለናዋቡ 11 መድፍ ይተኮስለታል። ደረጃውን ለማወቅ ከሌሎቹ ጋር አስተያዩት። 21 መድፍ የነበራቸው አምስት ብቻ ናቸው፤ ሃይደራባድ፣ ማይሶር፣ ባሮዳ፣ ግዋሊየር፣ ጃሙና ካሽሚር። ከ560 በላይ ከነበሩት ግዛቶች አብዛኞቹ ጨርሶ ሰላምታ የላቸውም። ሳቺን 9 ነበር። ስለዚህ 11 መድፍ ንቀት አይደለም፤ ታላቅነትም አይደለም። ቁጥሩ ቋሚ፣ የግል፣ የአካባቢ ተብሎ ይከፈላል። የግሉ ከሰውየው ጋር ይሞታል፤ የአካባቢው የሚተኮሰው በራሱ ግዛት ውስጥ ብቻ ነው። አንዳንድ ሰንጠረዥ ላይ ለጃንጂራ 13 ተጽፎ ብታገኙ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳታዩ አትቅዱት።

---

የሱራት_በር

የሳቺንን እኔ ልውሰደው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እሱ ነው።

በ1784 የጃንጂራው ገዢ ሲዲ አብዱል ረሂም ሲሞት ሁለት ተቀናቃኞች ተነሡ። አንዱ ሲዲ ጆሃር፤ ምሽጉ በእጁ ነው። ሌላው የሟቹ ልጅ አብዱል ከሪም ኻን፤ በቅጽል ስሙ ባሉ ሚያን። ባሉ ሚያን ምሽጉን መያዝ ስላልቻለ ፑና ወዳለው ወደ ፔሽዋው ሸሸ። በፔሽዋው ቤት ነገሩን የሚያካሂደው ናና ፋድናቪስ ነበር። በሰኔ 1791 ውል ተደረገ፤ ባሉ ሚያን በጃንጂራ ላይ ያለውን መብት ለፔሽዋው ለቀቀ፤ በለውጡ ሱራት አጠገብ ያሉ መንደሮች ተሰጡት። ሳቺን የተፈጠረው እንዲህ ነው።

የሚያስቀው ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። ፔሽዋው መሬት ቆርሶ የሰጠው ለወረቀት ነበር፤ ጃንጂራን የያዘው ጆሃር ምሽጉን አልለቀቀም፣ ማራታዎችም ገብተው መያዝ አልቻሉም። ባሉ ሚያን ያልነበረውን ሸጦ የሚበላውን አገኘ።

የሳቺን ስፋት 49 ስኩዌር ማይል ያህል ነው፤ ከጃንጂራ እጅግ ያንሳል። መሬቱም የተያያዘ አልነበረም። መንደሮቹ በእንግሊዝና በባሮዳ መሬት መካከል ተበታትነው ነበር፤ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው የሚሄድ የናዋቡ ሹም የሌላ መንግሥት መሬት ያቋርጣል። ለአስተዳደር ፈተና ነው። ሌባ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሮጠ ሌላ ፍርድ ቤት ግዛት ውስጥ ይገባል፤ ቀረጥ ያለበት ዕቃ ደግሞ በመንደሮቹ በኩል ይሾልካል። ግዛቱ ብዙ ሳይቆይ ዕዳ ውስጥ ገባና ከ1835 እስከ 1864 እንግሊዞቹ አስተዳደሩን ይዘውት ቆዩ። የፖለቲካ ወኪሉ የሱራት አስተዳዳሪ ነው፤ ልክ ኮላባው ለጃንጂራ እንደሆነው።

ሌላ ማወቅ ያለባችሁ፣ ጃንጂራም የተበታተነ መሬት ነበራት። ጃፋራባድ የሚባለው ወደብ በሰሜን ምዕራብ በካቲያዋር ጠረፍ ላይ ነው፤ ከሙሩድ በባሕር ካልሆነ አይቀርብም። ሲዲ ሂላል የተባለ የሱራት ሹም ከያዘው በኋላ ማስተዳደር አቅቶት በ1760ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ለጃንጂራው ገዢ ሸጠው። ችግሩ ስታትስቲክስ ላይ ይመጣል፤ አንዱ ሰንጠረዥ ጃፋራባድን ደምሮ፣ ሌላው ቀንሶ ይጽፋል። በ1901 ቆጠራ የጃንጂራ ሕዝብ 85,414፣ ስፋቷም 324 ስኩዌር ማይል ገደማ ሲባል ጃፋራባድ የለበትም። የተለያየ ቁጥር ካገኛችሁ መጀመሪያ ይህን አጣሩ።

---

መዝገብ_አገላባጭ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ከጠበቅሁት በላይ ነው። አንድ ይቀረኛል። ታዲያ «የሐበሻ መንግሥት» ማለት ይቻላል ወይስ አይቻልም? በእንግሊዞቹ ወረቀት ላይ ራሱ «አቢሲኒያዊ» ተብሎ ተጽፏል አሉ። ደግሞስ ዋናውን ሰነድ ማየት የፈለገ ሰው ከየት ይጀምር?

---

ኮንካን_ዳርቻ

የገዢው ቤት ሐብሺ ነው፤ መንግሥቱን ግን «የሐበሻ» ማለት ሰውን ያሳስታል። በእንግሊዝ መዝገብ ላይ ናዋቡ «ሱኒ ሙስሊም፣ በዘሩ ሲዲ ወይም አቢሲኒያዊ» ተብሎ መጻፉ እውነት ነው፤ ግዛቷም ሐብሳን ተብላ ትጠራ ነበር። ሕዝቧ ግን አብዛኛው ማራቲ ተናጋሪ ሂንዱ ነው፤ ሩዝ የሚዘራ፣ ኮኮናትና የሱፓሪ (የሚታኘክ ፍሬ) ዛፍ የሚተክል፣ ዓሣ የሚያጠምድ። ሲዲዎቹ ምሽጉንና ሹመቱን የያዙ ጥቂት ቤተሰቦች ነበሩ።

ከኢትዮጵያ ነገሥታት ጋር የተያያዘ ነገርም የለም። ከጎንደር የተላከ ሹም፣ ለጎንደር የተገበረ ግብር የለም። ሰዎቹ ወይም አያቶቻቸው በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በኩል ተሸጠው በየመን አልፈው ደካን የደረሱ የጦር ባሮች ናቸው። ማሊክ አምባር ራሱ ሞካ ላይ ተሽጧል፣ ባግዳድ ኖሯል፣ ደካን ሲደርስ የገዛው የአሕመድናጋሩ ሚኒስትር ቺንጊዝ ኻን እሱም ሐብሺ ነበር። በዚያ ዘመን በደካን ሐብሺ ሲባል ከአፍሪካ ቀንድ የመጣውን ሁሉ ይጠቀልላል፤ የዛሬው ሐበሻ ከምንለው ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር አይሆንም። ከየትኛው ብሔር እንደነበሩ ለእያንዳንዱ ሰው የሚያረጋግጥ ወረቀት ፈልጉ ብንባል አብዛኛውን ጊዜ አናገኝም። በጉጃራት ጊር ጫካ አካባቢና በካርናታካ የሚኖሩት ሲዲዎች ደግሞ ሌላ ታሪክ ያላቸው ሕዝቦች ናቸው፤ የናዋቡ ዘመዶች አድርጎ መጻፍ ሌላው የተለመደ ስህተት ነው።

በተገዢዎቹ ዓይንም ማየት አለብን። ሽሪቫርዳን በሲዲ ግዛት ውስጥ ነበረች። ባላጂ ቪሽዋናት፣ ኋላ ፔሽዋ ሆኖ የማራታን መንግሥት በቤተሰቡ እጅ ያስገባው ሰው፣ ከዚያች ከተማ የሲዲዎቹን ጫና ሸሽቶ የወጣ ነው። ከዚያ በኋላ በፔሽዋዎቹና በሲዲዎቹ መካከል የነበረው ጠብ የመሬት ብቻ አልነበረም። በ1736 የፔሽዋው ወንድም ቺማጂ አፓ ሲዲ ሳትን ሬዋስ አካባቢ በጦርነት ገደለው። ከዚያ ወዲህ ሲዲዎቹ በየብስ ላይ ለማራታ ስጋት አልሆኑም፤ የቀራቸው ምሽጉና የጠረፉ መሬት ነው። «ማንም አልደፈራቸውም» የሚሉ ጽሑፎች ይህን ዓመት ይዘሉታል።

---

ሕግና_ወግ

ስለ ሰነዱ፦ በአራት ቦታ ተበትኗል። ሁሉም አንድ ቋንቋ አይደለም።

መጀመሪያ የቦምቤይ መንግሥት በ1883 ያሳተመውን የአውራጃ መግለጫ ያዙ፤ 11ኛው ቅጽ ኮላባንና ጃንጂራን አንድ ላይ ይዟል። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። የዘር ሐረጉን፣ የግብር ዓይነቱን፣ የወደቦቹን ንግድ የምታገኙት እዚያ ነው። ግን የተጻፈው ናዋቡን የወንጀል ዳኝነት በነፈገው መንግሥት መሆኑን አትርሱ። ስለ «ብልሹ አስተዳደር» የሚለውን ስታነቡ ከሳሹም ዳኛውም ጸሐፊውም አንድ ነው።

ቀጥሎ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ያለው የሕንድ ጽሕፈት ቤት መዝገብ። የመሳፍንት ግዛቶች ወኪሎች ፋይሎች በ«አር 2» ምድብ፣ የለንደኑ የፖለቲካ ክፍል ደብዳቤዎች በ«ኤል ፒ ኤስ» ምድብ ውስጥ ናቸው። የሚያሳስተው የወኪሉ መሥሪያ ቤት ስም መለዋወጡ ነው። ጃንጂራ መጀመሪያ በኮላባ ኤጀንሲ ሥር ነበረች፤ በ1933 ወደ ደካን ግዛቶች ኤጀንሲ ተዛወረች። ሳቺን በዚያው ጊዜ ወደ ጉጃራት ግዛቶች ኤጀንሲ ሄደ። የ1935ን ፋይል በኮላባ ስም የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ሦስተኛ ሙምባይ፣ የማሃራሽትራ የመንግሥት ቤተ መዛግብት። የቦምቤይ መንግሥት የፖለቲካ ክፍል ጥራዞች እዚያ ናቸው። የ1868ቱን ጉዳይ ከወኪሉ ረቂቅ እስከ ገዢው ውሳኔ መከታተል የምትችሉት ከእነዚህ ነው፤ ለንደን የደረሰው የተጣራው ግልባጭ ነው። ኒው ዴልሂ ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትም ብዙ ፋይል ስካን አድርጎ በድረ ገጹ ለቋል፤ ከቤት ሆናችሁ ማየት ይቻላል።

አራተኛው የፑናው የፔሽዋዎች መዝገብ ነው። የ1791ን ውል ከማራታው ወገን ለማየት ግድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይወድቃል፤ ማራቲ ማወቅ አይበቃም። የተጻፈው በሞዲ ፊደል ነው፤ የዛሬውን የማራቲ ጽሕፈት የሚያነብ ሰው ሞዲን ሳይማር አያነበውም። ፊደሉ ተቀጣጥሎ ስለሚጻፍ ቃል ከቃል አይለይም።

ስትፈልጉ አጻጻፉን ለዋውጡ። በድሮው የእንግሊዝኛ ወረቀት ጂንጂራ ተብሎ በ«ኢ» ድምፅ ተጽፎ ይገኛል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደብዳቤዎች ደግሞ ምሽጉ በየብሱ መንደር ስም ዳንዳ ራጃፑር ይባላል። ሲዲ የሚለውም በላቲን ፊደል አንዴ በአንድ «ዲ»፣ አንዴ በሁለት፣ አንዴም ድርብ አናባቢ ይዞ ይመጣል።

ሳንቲምና የመቃብር ጽሑፍ ላይ የሚገኘው ዓመት የሂጅራ ነው። በግምት ለመለወጥ በ0.97 አባዝቶ 622 መደመር ነው፤ 1296 ሂጅራ ወደ 1879 ይመጣል። የጨረቃ ዓመት ከፀሐዩ በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ቀጥታ 622 መደመር በዚያ ዘመን ወደ አርባ ዓመት ያስታችኋል። ወርና ቀን የሚያስፈልግ ከሆነ ግምት አያዋጣም፤ የመለወጫ ሰንጠረዥ ተጠቀሙ።

---

የሱራት_በር

በማለፍ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር።

ስለ አሕመድ ኻን ዘመን የሚጽፍ ሰው ናዝሊ ቤጉምን መዝለል የለበትም። በ1886 አግብቷት በ1913 ተፋቱ። የአቲያ ፈይዚ እኅት ናት። ሁለቱ እኅትማማቾች በ1908 ከናዋቡ ጋር አውሮፓ ሄደዋል፤ ገጣሚው ሙሐመድ ኢቅባልም የአቲያ ወዳጅ ነበር። ከሙሩድ የወንዶች ፋይል ይልቅ የእነሱ ደብዳቤ ስለ ቤተ መንግሥቱ ኑሮ ብዙ ይናገራል፤ የፖለቲካ ወኪል የማይገባበት ክፍል ውስጥ ነበሩና።

ሁለተኛ፣ «እስከ ሕንድ ነፃነት ኖረች» የሚለው ዓመቱ ትንሽ ያልፋል። በነሐሴ 1947 የእንግሊዝ የበላይነት ሲያበቃ መሳፍንቱ የፈረሙት የመቀላቀያ ሰነድ መከላከያን፣ የውጭ ጉዳይንና መገናኛን ብቻ ለዴልሂ የሚሰጥ ነበር፤ በወረቀት ናዋቡ የቀረውን ይዞ ቀረ ማለት ነው። ያ የቆየው ወራት ብቻ ነው። በመጋቢት 1948 ጃንጂራ ከደካን ግዛቶች ጋር በቦምቤይ ግዛት ውስጥ ተዋሐደች፤ ያኔ ኮላባ በሚባለው፣ ከ1981 ወዲህ ራይጋድ በተባለው አውራጃ ውስጥ ገባች። ጃፋራባድ ተነጥሎ ወደ ሳውራሽትራ ሄደ። የመጨረሻው ናዋብ ሲዲ ሙሐመድ ኻን ነበር። ለመሳፍንቱ ቃል የተገባው ዓመታዊ አበልና ማዕረግ በሕገ መንግሥቱ 26ኛ ማሻሻያ በ1971 ቀረ።

ምሽጉ አሁን በሕንድ የአርኪዮሎጂ መሥሪያ ቤት ጥበቃ ሥር ነው። ከራጃፑሪ በሸራ ጀልባ ይደረሳል፤ በዝናቡ ወራት ባሕሩ ስለሚከፋ መሻገሪያው ይዘጋል። ለጉብኝት የሚያስብ ካለ ከጥቅምት በኋላ ይሁን።